ከቲቢ ክኒን ጎን የትኛው ዕፅ ይቀመጥ?

አጎቴ ቲቢ ይዞት ሲታከም፣ አልጋው አጠገብ ባለው መስኮት ላይ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይቀመጥ ነበር። አንዱ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ቡናማ ቀይ ክኒን ነው። ሌላው በሃይላንድ የተሞላ ጥቁር አረንጓዴ ውሃ። ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ቆየት ብሎ ጉሮሮ የሚይዝ የመራራ ቅጠል ሽታ ይከተላል። ጠዋት ክኒኑን በባዶ ሆዱ ይውጣል። ከዚያ ከሃይላንዱ አንድ ሲኒ ቀድቶ ይጨልጣል። «ያኛው ጀርሙን ይገድላል፤ ይሄኛው እኔን ያቆመኛል» ይለን ነበር።

ክኒኑን በጀመረ በማግስቱ ሽንቱ ቀላ። ቤቱ ተሸበረ። «ደም ነው! ክኒኑ አንጀቱን እየላጠው ነው» ተባለ። ክኒኑ ቆመ፤ ሃይላንዱ ቀጠለ። ሽንቱ ጠራ። ቅጠሉ አዳነው ተብሎም ተደመደመ። ሽንቱን ያቀላው ግን ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ነበር። ቀለሙ በሽንት፣ በላብና በእንባ ይወጣል እንጂ ደም አይደለም። ይህን አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ቀን ያለ ክኒን አለፈ።

ያኔ የፋርማሲ ተማሪ ነበርኩ። ዛሬ ሁለት ዓይነት ሰዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ቤታቸው ታማሚ ያለባቸው «ከክኒኑ ጋር ምን ብንሰጠው ይጠቅመዋል?» ይላሉ። ለመመረቂያ ጥናት ወይም ለአነስተኛ ምርት ዕፅ የሚመርጡ ወጣቶች ደግሞ «በየትኛው ላይ ብንሠራ ያዋጣል?» ይላሉ። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው። የዕፁን ስም ከመጥራታችሁ በፊት ሥራውን ንገሩኝ። «ይረዳል» ስትሉ ምኑን ነው የሚረዳው?

መልሶቹን ስሰበስብ አምስት መንገድ አገኛለሁ። ጀርሙን መግደል፣ ክኒኑን ማጠንከር፣ ጉበትን መጠበቅ፣ ሳልን ማስታገስ፣ የከሳውን ሰውነት መመለስ። እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ለላቦራቶሪ እንጂ ለቤት አይሆንም። አንዳንዱ ደግሞ ከወጥ ቤት አይወጣም፤ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

ማወዳደሪያው ክኒኑ ነው

መድኃኒት ያልተላመደ፣ ማለትም ክኒኑ የሚገድለው ቲቢ፣ ሕክምናው በተለምዶ 6 ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒት ይወሰዳል፦ ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል። በቀሪዎቹ 4 ወራት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቀጥላሉ። መጠኑ የሚወሰነው በኪሎ ነው። አገራችን ውስጥ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። በአግባቡ የጨረሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ይህን የማነሳው ብዙ ሰው ዕፁን ከባዶ ነገር ጋር ስለሚያወዳድር ነው። ዕፁ የሚጨመረው ግን በሚሠራ ሕክምና ላይ ነው። ስለዚህ ለእኔ የመጀመሪያው መመዘኛ «ይጠቅማል ወይ?» አይደለም። «የሚሠራውን ያበላሽብኛል ወይ?» ነው።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሰዘርላንዲያ የሚባል፣ ሕዝቡ በጣም የሚያምንበት ዕፅ አለ። ኤችአይቪ በደማቸው ባለባቸው አዋቂዎች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ዕፁን ከወሰዱት መካከል ሁለት ሰዎች ቲቢ ያዛቸው። ሁለቱም ቲቢ እንዳይዛቸው አይሶኒያዚድ እየወሰዱ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ቢሆንም ተመራማሪዎቹ ዕፁ የመድኃኒቱን ሥራ ሳያዳክም አልቀረም ብለው ሰጉ። ሲታይ ምንም ጉዳት የሌለው ቅጠል ነው። ጉዳቱ ካለ ሊታይ የሚችለው ክኒኑ ሥራውን ሲያቆም ነው።

ጀርሙን ይገድላል የሚባለው

ወጣት ተመራማሪዎችን በጣም የሚስባቸው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ አንድ ጥናት ድግጣ፣ በሶብላ፣ ጭቁኝ፣ ብሳናና ባሕር ዛፍ በላቦራቶሪ በቲቢ ጀርም ላይ ተሞክረዋል። ጀርሙን የመግታት አቅምም አሳይተዋል። ደስ የሚል ውጤት ነው። ከአያቶቻችን የወረስነው ዕውቀት ባዶ እንዳልሆነ ይናገራል።

ነገር ግን ድግጣን ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከብት ቅማልና መዥገር ሲፈጅበት በድግጣ ይታጠባል። መርዝነት አለው። በብልቃጥ ውስጥ ጀርም የሚገድል ነገር ሞልቷል፤ በረኪናም ይገድላል። ከባዱ ሰውየውን ሳይነካ ጀርሙን ማግኘት ነው። የቲቢ ጀርም ሰም መሰል ወፍራም ሽፋን አለው። በሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ይደበቃል። ሳንባ ውስጥ በሚፈጥረው ጉድጓድ ይቀመጣል። የጠጣነው ቅጠል ሆድና ጉበትን አልፎ በበቂ መጠን እዚያ መድረስ አለበት።

ቢደርስ እንኳ ሌላ ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ1943 ከአፈር ባክቴሪያ ስትሬፕቶማይሲን ሲገኝ ዓለም ተደስቶ ነበር። ብቻውን ሲሰጥ ግን ታማሚዎቹ ለጥቂት ወራት ተሽሏቸው ተመልሰው ታመሙ፤ ጀርሙ ተላምዶት ነበር። ዛሬ አራት መድኃኒት አንድ ላይ የምንሰጠው ከዚያ ስለተማርን ነው። ክኒኑን አቁሞ በቅጠል ብቻ መቀጠል ያንኑ ስህተት መድገም ነው፤ ያውም መጠኑ ባልታወቀ ነገር።

አንድ ታሪክ ልጨምር። ቻርልስ ስቲቨንስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1897 ቲቢ ይዞት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። አንድ የአገሬው ባለመድኃኒት የፔላርጎኒየም ሥር አፍልቶ ሰጠው፤ ዳነ። አገሩ ተመልሶ የቲቢ ፈውስ ብሎ ሸጠው። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር አታላይ ነው ሲለው ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ክሱን ተረታ። የሚገርመው ሥሩ አልጠፋም። ዛሬ ጀርመን ውስጥ ለብሮንካይትስ ሳል በፋርማሲ ይሸጣል። ትክክለኛ ሥራው ሲገኝለት ቦታ አገኘ።

የእኔ ፍርድ፦ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ አዲስ ንጥረ ነገር የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ ይሂድ። ለቤት ግን አይሆንም።

ክኒኑን የሚያጠነክረው

እዚህ አንድ በቂ ምሳሌ አለ፤ እሱም ቁንዶ በርበሬ ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ፓይፐሪን ይባላል። አንዳንድ መድኃኒቶች ከአንጀት ወደ ደም በብዛት እንዲገቡና ቶሎ እንዳይወገዱ ያደርጋል። ሕንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህን ተጠቅመው ሪዞሪን የሚባል ክኒን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ገበያ ላይ ዋለ። የሪፋምፒሲን መጠን ከተለመደው 450 ሚሊግራም ወደ 200 ወረደ፤ 10 ሚሊግራም ፓይፐሪን ተጨመረ። ሐሳቡ ያምራል። ከወጥ ቤት የተነሳ ነገር ተለክቶና ተፈትኖ ክኒን ውስጥ ሲገባ ማየት ያስደስታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መደበኛ ሕክምና ውስጥ ግን አልገባም።

ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ቁንዶ በርበሬ አብዝተን እንስጠው» የሚሉ አሉ። እንዲህ አይሠራም። በሪዞሪን ውስጥ ሁሉም ነገር ተለክቷል። በማንኪያ የተዛቀ ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ስንት ፓይፐሪን እንዳለ ማን ያውቃል? ጢምዝም የዚያው ቤተሰብ ነው። ደግሞ ፓይፐሪን የሚከፍተው በር ለሪፋምፒሲን ብቻ አይደለም። ታማሚው የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የእነዚያም መጠን በደሙ ውስጥ ሊጨምር ይችላል። በወጥ ውስጥ ያለው ቅመም ችግር የለውም። እንደ መድኃኒት በማንኪያ መዋጡን ተዉት።

ጉበትን የሚጠብቀው

በጣም የምጓጓለትም በጣም የምፈራውም ይሄኛውን ነው።

ከአራቱ መድኃኒቶች ሦስቱ፣ ማለትም ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ፣ ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ። ብዙው ሰው ምንም ሳይሆን ይጨርሳል። ጉበቱ የተጎዳው ግን ሕክምናው ይቋረጥበታል። ጉበትን በእርግጥ የሚጠብቅ ዕፅ ቢገኝ ስንቱ ሰው ሳያቋርጥ ይጨርስ ነበር! እ.ኤ.አ. በ2008 ከሕንድ የወጣ ጥናት ከ500 በላይ የቲቢ ታማሚዎችን አሳትፏል። እርድና ቲኖስፖራ የሚባል ሐረግ ከክኒኑ ጋር የተሰጣቸው ሰዎች፣ ክኒን ብቻ ከወሰዱት ይልቅ የጉበት ጉዳታቸው እጅግ ያነሰ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በአሜሪካ በእንክብል የሚሸጥ የእርድ ማሟያ ራሱ ጉበት እንደጎዳ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። በተለይ በብዛት ወደ ደም እንዲገባ ፓይፐሪን የተጨመረበት። ያው እርድ በአንዱ ቦታ ጠባቂ፣ በሌላው ጎጂ ሆነ። ልዩነቱን የሚያመጣው መጠኑ፣ አዘገጃጀቱና የሰውየው ተፈጥሮ ነው። አልጫው ላይ የምትነሰንሱት እርድ አያሳስብም። የተጨመቀው እንክብል ያሳስባል። ሚልክ ቲስል የሚባለው የውጭ ዕፅም ለዚሁ ተሞክሯል፤ ውጤቱ ግን ከጥናት ጥናት ይለያያል።

ስለዚህ ለምርምር ገንዘብ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ይህንን እመርጥለታለሁ። ጥያቄው ግልጽ ነው፤ መልሱ በደም ምርመራ ይለካል። ለቤት ግን አልመርጠውም። ጉበት ሲጎዳ መጀመሪያ ድምፅ የለውም። ዓይን ቢጫ እስኪሆን፣ ምግብ እስኪያስጠላና እስኪያስመልስ ድረስ ብዙ ሊቆይ ይችላል። ያኔ ክኒኑ ይሁን ቅጠሉ ያደረገው ለሐኪሙም ግራ ይገባል።

በቤት ውስጥ ለጉበት የሚደረግ ነገር ካለ መተው ነው። አረቄው፣ ጠላውና ጠጁ ለ6 ወር ይቅር። ጫትም ይቅር። ጫት ጉበት ከመጉዳት ጋር ስሙ ይነሳል፤ ከዚያም በላይ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ለቲቢ ታማሚ ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ሳልን የሚያስታግሰው

ስለዚህ ብዙ አልልም። ማር፣ ዝንጅብል፣ ትኩስ ሻይ፣ ዳማከሴ በትንሹ። ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፤ ሌሊት ያስተኛሉ። ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር አይሰጥም።

ዕፅ ወደ ምርት ልትለውጡ የምታስቡ አልሚዎች ግን ሰንሰልን ልብ በሉት። ስሚዛ የሚሉትም አሉ፤ በየአጥሩ የሚተከለው ነው። የሕንዱ ዘመዱ አድሃቶዳ ቫሲሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። አክታ የሚያቀጥኑት ብሮምሄክሲንና አምብሮክሶል፣ በየፋርማሲው በሽሮፕ የምትገዟቸው፣ መነሻቸው እሱ ነው። የእኛ አጥር ላይ ያለው ምን እንደያዘ በደንብ ተለክቶ ቢታወቅ ደስ ይለኛል። እስከዚያ ግን ዘመድ ነው ተብሎ አይጠጣም።

አንድ አደጋ አለ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሕክምና ለጀመረ ሰው ነው። ላልተመረመረ ሰው ሳል ማስታገስ በሽታውን መሸፈን ይሆናል። 2 ሳምንት ያለፈው ሳል አክታ ይመርመር። ዝንጅብሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሰውነትን የሚመልሰው

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። አጎቴ ሕክምና ሲጀምር 43 ኪሎ ነበር። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቶ ነበር የሚታጠቀው። ከሃይላንዱ ይልቅ ያንን ቀዳዳ ማየት ነበረብን።

ሕንድ ውስጥ በጃርካንድ ግዛት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። 2,800 ታማሚዎችና ከ10,000 በላይ የቤተሰብ አባላት ተሳትፈዋል። የተሰጠው ተአምረኛ ዕፅ አይደለም። ሩዝ፣ ጥራጥሬ፣ የዱቄት ወተት፣ ዘይትና ቪታሚን ነው። ምግብ በተሰጣቸው ቤተሰቦች ውስጥ አዲስ በቲቢ የሚያዘው ሰው ወደ 40 በመቶ ቀነሰ። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ኪሎ የጨመሩት ታማሚዎች ደግሞ የመሞት ዕድላቸው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከአምስቱ መንገዶች እንዲህ ያለ ማስረጃ የያዘ ሌላ አላውቅም።

ዕፅ እዚህ መንገድ ላይ ሲገባ ምግብ ሆኖ ይገባል። ሽፈራውን ውሰዱ። ኮንሶና ጋሞ ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ከጥንት ጀምሮ ይበሉታል። በፕሮቲን፣ በብረትና በቪታሚን የዳበረ ነው። ትውልዶች የበሉት ስለሆነ ደኅንነቱ ከማንም መራራ ሥር የተሻለ ይታወቃል። ቲቢ ያድናል ብላችሁ አትሽጡት፤ አያድንም። ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከእንቁላል ጋር ማዕድ ላይ ይቅረብ። አነስተኛ ምርት ለሚያስቡ ወጣቶችም ይህን እላለሁ። ሽፈራው የገባበት፣ ልኩ የታወቀ የአጥሚት ወይም የበሶ ዱቄት ሥሩ። ወጪው ይቀላል፣ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፣ ውጤቱ በሚዛን ይለካል።

ሰዓቱን ብቻ ጠብቁ። ክኒኑ በባዶ ሆድ ሲወሰድ በደንብ ይሠራል፤ ምግቡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይከተል። እጅና እግር መደንዘዝ ከመጣ የአይሶኒያዚድ ነገር ሊሆን ይችላል። ቪታሚን ቢ6 ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ለሐኪም ተናገሩ እንጂ ቅጠል አትፈልጉ።

ጭራሽ የማይቀመጡ

ኮሶ። ለኮሶ ትል የታወቀ መድኃኒታችን ነው፤ ሲበዛ ግን ዓይን ይጎዳል። ኢታምቡቶልም የዓይን ነርቭ የመጉዳት ጠባይ አለው። ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት በገዛ ዓይን መፍረድ ነው።

እሬት። ሆድ ያስቀምጣል፤ ፖታሲየም ያጥባል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ከሚሰጡት መካከል ቤዳኩሊን የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል ፖታሲየም ሲጎድል አደጋው ይጨምራል።

ስሙ የማይነገር ቅይጥም አይቀመጥም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ለአልሚዎች አንድ ነገር

ብዙ ጥናት የሚጀምረው «ጀርሙን ይገድላል ወይ?» ከሚለው ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ እመርጣለሁ። መጀመሪያ ከሪፋምፒሲንና ከአይሶኒያዚድ ጋር ይጣላል ወይ? ቀጥሎ ጉበት ሕዋስ ላይ ምን ያደርጋል? ከዚያ ዛሬ የተዘጋጀውና በዓመቱ የሚዘጋጀው አንድ ዓይነት ይሆናል ወይ? በክረምት የተቆረጠ ቅጠልና በበጋ የተቆረጠው አንድ አይደሉም። እነዚህን ያላለፈ ዕፅ ጀርም ቢገድል ምን ያደርጋል? ከሥር ይልቅ ቅጠል ምረጡ፤ ሥሩ የተነቀለ ተክል አይተካም።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አድዋ ላይ ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያን በመከላከል ላይ ያን የመሰለ ተስፋ ይዞ እንኳ ደኅንነቱን ለዓለም ለማሳየት ብዙ ዓመት ፈጀባቸው። ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲቀበሉ እ.ኤ.አ. 1989 ደርሶ ነበር። ዕውቀቱን የሰጣችሁ ባለመድኃኒትም አይረሳ። በማኅበረሰብ ዕውቀት የመጠቀምና ጥቅምን የመጋራት ነገር በአዋጅ ቁጥር 482 ከተደነገገ ቆይቷል።

ሃይላንዱ

አጎቴ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመለስ ሲስተሯ አልተቆጣችውም። «ጋሼ፣ የሚጠጡትን ይዘውልኝ ይምጡ» አለችው። ይዞ ሄደ። ከፍታ አሸተተችው። «ምን ምን አለበት?» አለች። አያውቅም። እኔን ወደ ባለመድኃኒቱ ላከችኝ።

ሰውየው ጨዋ ሽማግሌ ነበሩ። አስቀምጠው ቡና አጠጡኝ። ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ግራዋ፣ ጥቁር አዝሙድ ብለው አራቱን ነገሩኝ። «አምስተኛውስ አባባ?» አልኳቸው። «እሱ ከአባቴ የተቀበልኩት ነው፤ ለልጄም ገና አልነገርኩትም» አሉኝ። አከበርኳቸው፤ ተነስቼ መጣሁ።

ሲስተሯ አራቱን ስም ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፈች። አምስተኛው ጋ ስትደርስ ባዶ መስመር ተወች። «ጋሼ፣ ይህ መስመር እስኪሞላ ድረስ ሃይላንዱ ይቀመጥ። ነጭ ሽንኩርቱንና ጥቁር አዝሙዱን በወጥና በዳቦ ይብሉት» አለችው። ክኒኑን ካቆመበት ቀጠለ። የጎደሉት ቀናት መጨረሻ ላይ ተጨመሩ። ሲጨርስ 52 ኪሎ ነበር። ባዶው መስመር እስከ መጨረሻው ባዶ ነበር።